ቀይዋ ወፍ፤ የዚትካላ ሻ የሕይወት ታሪክ

በ1884 ዓ.ም. በማርች ወር ሁለት ነጭ ሚሲዮናውያን በአሜሪካ አገር ሚዙሪ ከሚባለው ታላቅ ወንዝ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ መንደር መጡ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የመጡበትም ጉዳይ ሕፃናትን ሰብስበው ወደ ምሥራቁ የአገሩ ክፍል ወደ ትምህርት ቤት ለመውሰድ ነበር። መንደሩ የያንክተን ሕዝብ መንደር ነው። ያንክተኖች ሱ ወይም ዳኮታ ከሚባሉት ሕዝቦች አንዱ ክፍል ናቸው። በትምህርት ቤት ባነበብናቸው የጂኦግራፊ መጻሕፍት ቀይ ሕንዶች ተብለው የተጻፉት፣ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ባለቤቶች የነበሩት ነባር ሕዝቦች ማለት ናቸው።

በመንደሩ ልጆች መካከል አንድ ወሬ ተነዛ። በምሥራቅ አገር ቀይ ፖም በዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ ማንም ልጅ እስኪጠግብ ቀጥፎ ቢበላ ከልካይ የለውም፤ ወደዚያም የሚኬደው በብረት ፈረስ፣ ማለት በባቡር ነው፤ የሚል ነበር። ይህን ከሰሙት መካከል አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በሕይወቷ የቀመሰችው ፖም ቢቈጠር አሥራ ሁለት አይሞላም። እናቷ አትሄጂም ብትላት አልቅሳ አስቸገረች። እናትየዋም ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ በማግሥቱ ፈቀደች። የፈቀደችውም ሚሲዮናውያኑን አምና አይደለም። ነጮቹ የወሰዱት መሬት ዕዳ እንዳለባቸውና ትምህርቱም የዚያ ዕዳ ዘግይቶ የመጣ ጥቂት ክፍያ እንደሆነ አስባ፣ ልጇም እውነተኛ ዳኮታዎች ጥቂት ብቻ በሚቀሩበት ዘመን ራሷን የምትከላከልበት ዕውቀት እንደሚያስፈልጋት ተረድታ ነው።

ስምንት ልጆች ሆነው ተነሡ። በደረሱበትም ማግሥት ልጅቱ ወደ ውጭ ብትመለከት ምድሩን በረዶ ሸፍኖታል፤ ዛፎቹም ሁሉ ባዶ ናቸው። የፖም አገር የተባለው ፍሬ ቀርቶ ቅጠል እንኳ አልነበረበትም።

ይህች ልጅ ኋላ ዚትካላ ሻ ተብላ በዓለም የታወቀችው ደራሲት ናት። የተወለደችው በ1876 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ነው። እናቷ ታቴ ኢዮሂዊን የምትባል የያንክተን ሴት ስትሆን፣ በእንግሊዝኛ የተሰጣት ስም ኤለን ሲመንስ ነበር። አባቷ ነጭ ሰው ነው፤ ቤተሰቡን ትቶ ስለ ሄደ ልጅቱ የእናቷን የቀድሞ ባል ስም ይዛ ገርትሩድ ሲመንስ ተባለች።

ስለ ልጅነቷ ራሷ የጻፈችውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አያልፍም። ያደገችው በድንኳን ውስጥ ነው፤ ሀብትም አልነበራቸውም። ነገር ግን ሥነ ሥርዓት በተሞላበት ቤት ያደገች ልጅ ነበረች። ማታ ማታ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እራት ሲጠሩ፣ እርሷ እሳቱ ዳር ራሷን በእናቷ ጭን ላይ አሳርፋ ተረት ታዳምጣለች። እናቷ በባለቀለም ዶቃ ጥልፍ ስታስተምራት የጀመረችውን ሳትጨርስ እንድትተወው አትፈቅድላትም፤ ሆኖም በቍጣ አትናገራትም። አንድ ቀን እናቷ ወደ ልጅቱ አክስት ቤት ሄዳ ሳለች አንድ ሽማግሌ እንግዳ መጣ። ልጅቱም እንግዳ ሳይጠጣ እንደማይሸኝ ታውቃለችና፣ አንድ ጊዜ የተፈላ የቡና አተላ ባለበት ጀበና ላይ የወንዝ ውሃ ጨምራ፣ እሳቱ በጠፋ አመድ ላይ ጣደችው። ጥቂት ቈይታም ቀድታ ሰጠችው። ሽማግሌው በክብር ተቀብሎ ፉት አለ። እናቷም ተመልሳ ነገሩን ባየች ጊዜ አልሳቀችባትም፤ እንግዳውም እናቷም ያንን ቀዝቃዛ ድፍርስ ውሃ የልጅቱን ሐሳብ አክብረው እንደ ደንበኛ ቡና ቈጠሩላት። ቡና በሚያከብር አገር ለምንኖር ለእኛ የዚያን ሽማግሌ ጨዋነት ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እንግዲህ ከዚህ ቤት የወጣች ልጅ ናት ኢንዲያና በሚባለው ክፍለ አገር፣ ዋባሽ በምትባል ከተማ ወደሚገኘው አዳሪ ትምህርት ቤት የገባችው። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት ኩዌከርስ የተባሉ ሰላም ወዳድ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይህን መርሳት አይገባም። ሕፃናቱን ያሠቃዩት ክፉ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር። አብዛኞቹ ግን ደግ ነገር የሠሩ የመሰላቸው፣ ደክመው የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ።

በባቡሩ ላይ ነጮቹ መንገደኞች ልጆቹን እንደ ትርዒት ተመለከቷቸው፤ ሕፃናቶቻቸውም ጣታቸውን ቀሰሩባቸው። ልጅቱም በኀፍረት አቀርቅራ ሳለች በመስኮቱ በኩል የቴሌግራፍ እንጨት አየች። ይህን እንጨት ታውቀዋለች፤ በእናቷ ድንኳን አቅራቢያ ቆሞ ሽቦው ሲያንጐራጕር ትሰማው ነበርና። ከዚያም በኋላ ሌላ ሌላውን ረስታ በየመንገዱ የሚያልፈውን እንጨት እየተመለከተች ተጓዘች።

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ አንዲት ነጭ ሴት ደስ ብሏት ልጅቱን አንሥታ ወደ ላይ አጓነቻት። ሴትዮዋ ፍቅር መግለጿ ነበር። ልጅቱ ግን እናቷ እንኳ እንደ መጫወቻ ይዛት ስለማታውቅ ተዋርዳ አለቀሰች። በማግሥቱም የምግቡ ሥርዓት ግራ አጋባት። ደወል ሲደወል ወንበር ይሳባል፤ እርሷ ተቀመጠች። ሌሎቹ ቆመው ስታይ ብድግ ልትል ስትል ሁለተኛው ደወል ተደወለና ሁሉም ተቀመጠ። ከዚያም ጸሎት፤ ከጸሎቱም በኋላ ሦስተኛው ደወል። ሁሉም ሹካና ቢላዋውን ሲያነሣ እርሷ ማልቀስ ጀመረች።

በዚያው ቀን ጓደኛዋ ክፉ ወሬ አመጣች፤ ፀጉራቸው ሊቈረጥ ነው አለቻት። በዳኮታ ሕዝብ ዘንድ ፀጉሩን የሚያሳጥር ሰው ሐዘንተኛ ነው፤ በጠላት እጅ የተማረከ ፈሪም ፀጉሩ ይሸለታል። በእኛም አገር ዘመድ የሞተባት ሴት ፀጉሯን እንደምትላጭ እናውቃለን፤ ስለዚህ ነገሩ የጌጥ ጉዳይ አለመሆኑን ለመረዳት አያስቸግረንም። ልጅቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ፣ ጨለማ በዋጠው ክፍል ውስጥ አልጋ ሥር ተደበቀች። ሲፈልጓት ኮቴያቸውን፣ ስሟንም ሲጠሩ ሰማች። በመጨረሻ ጐትተው አወጧትና ከወንበር ጋር አስረው፣ እየጮኸች ሹሩባዋን በመቀስ ቈረጡት። ከዚያ ወዲያ ማንም እንደ እናቷ አስረድቶ የሚያናግራት አልነበረም፤ ከመንጋ ውስጥ አንዷ ሆነች።

ቋንቋ አለማወቋ ያደረሰባቸው ነገር አሳዛኝም አስቂኝም ነው። አንድ ቀን ሦስቱ ትንንሽ ልጆች በበረዶ ላይ እየወደቁ ቅርጻቸውን ሲያትሙ ተገኙና ተጠሩ። ጥቂት እንግሊዝኛ የምታውቀው ጓደኛቸው ለሚጠየቁት ሁሉ እምቢታን የሚገልጸውን አጭር የእንግሊዝኛ ቃል እንዲመልሱ አስተምራቸው ነበር። አስተማሪዋ ከመካከላቸው አንዷን ለወደፊቱ ትእዛዝ ትፈጽሚያለሽ ወይ ብላ ስትጠይቃት ልጅቱ ያንኑ ቃል መለሰች፤ ተመታች። ደግማ ጠየቀቻት፤ ደግማ ያንኑ መለሰች። ድብደባው የቆመው ጥያቄው ተለውጦ ሁለተኛ በበረዶ ላይ ትወድቂያለሽ ወይ በተባለች ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ያው ቃል ትክክለኛ መልስ ሆነ።

ገርትሩድ ግን ቋንቋውን በአንድ ዓመት ውስጥ መስበር ቻለች፤ ቋንቋውንም እንዳገኘች ማመፅ ጀመረች። ለምሳ የሚሆን ተርኒፕ የተባለውን ሥራ ሥር እንድትወቅጥ ታዘዘች። ሽታውን ትጠላ ነበርና በንዴት እንጨቱን ጨብጣ እስክትችለው ድረስ ወቀጠችው። ማሰሮው ሲነሣ ታቹ ተሰብሮ ምግቡ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ቀጧት፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ገበታ ላይ ያ ምግብ አልቀረበም። ይሁን እንጂ ሁሉም በእንዲህ ያለ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። አንዲት ጓደኛቸው እየመነመነች በአልጋ ላይ ስትሞት አጠገቧ ሆና አይታለች።

በ1887 ዓ.ም. ሦስቱ ዓመት ተፈጸመና ወደ እናቷ ተመለሰች። በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት እፈልጋለሁ፤ ከገጠር ወጥቶ በአዳሪ ትምህርት ቤት የተማረ አንባቢ ሁሉ ይህን ክፍል ያለ እኔ እርዳታ ያነበዋልና። ልጅቱ ጫማዋን ጥላ እንደ ቀድሞው ለስላሳውን የቆዳ ጫማ አደረገች። ነገር ግን እንደ ቀድሞው ልጅ አይደለችም፤ አድጋ የወጣች ሴትም አይደለችም። ወንድሟ ዴቪድ እርሱም በምሥራቅ የተማረ ነበርና፣ የተማሩት ወጣቶች እንደ ነጮች ለብሰው ሲሰበሰቡ እርሷ የሚለበስ ስለሌላት ቤት ትቀራለች። እናቷ ልጇ ማዘኗን አይታ ልታጽናናት ብትፈልግ ፊደል አታውቅምና የምትሰጣት አጣች። በመጨረሻ በቤቱ ውስጥ የሚገኘውን ብቸኛ መጽሐፍ፣ በዳኮታ ቋንቋ የተተረጐመውን መጽሐፍ ቅዱስ አንሥታ ሰጠቻት። ልጅቱ ለእናቷ ስትል ተቀበለችው፤ ውስጧ ግን መጽሐፉን ሊያቃጥለው ይፈልግ ነበር። ከዚህ በኋላ አንድ ሌሊት እናቷ ወደ ጕብታው ወጥታ የሞቱ ወንድሞቿን መንፈስ እየጠራች ስታለቅስ ሰማች። የምታለቅሰውም ለእርሷ እንደነበረ አወቀች።

በ1891 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ይህ ለማስረዳት የሚያስቸግር ነገር ነው። ማንም አላስገደዳትም፤ እናቷም አልፈቀደችም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በሁለት ዓለም መካከል የተተወ ሰው ከሁለቱ በአንዱ ካልተካነ መቆሚያ እንደሌለው ገብቷታል። በ1895 ዓ.ም. ትምህርቷን ጨርሳ፣ እናቷ ተመልሰሽ ነይ እያለች እያስጻፈች ብትልክባትም፣ በዚያው ክፍለ አገር ኤርልሃም ወደሚባል ኮሌጅ ገባች። በሚቀጥለውም ዓመት በኮሌጁ የንግግር ውድድር አሸንፋ፣ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በተደረገው የክፍለ አገሩ ውድድር ላይ ኮሌጇን ወክላ ቀረበች። ከተመልካቾቹ መካከል ያሉ ተማሪዎች የነባር ሕዝቦችን ሴት የሚሰድብ ሥዕልና ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ጨርቅ አውጥተው ዘረጉ። እርሷ ንግግሯን አልቀነሰችም። ከዳኞቹም የሁለተኛነትን ሽልማት ተቀበለች። ያን ምሽት በክፍሏ ብቻዋን ተቀምጣ የድሉ ደስታ አልተሰማትም፤ እናቷ በሩቅ ሆና ልጄ ከነጮች ጋር ቀረች እያለች እንደምታስብ ታውቅ ነበር።

በ1897 ዓ.ም. ሕመም ስላደረባት ኮሌጁን ሳትጨርስ ትታ የአስተማሪነት ሥራ ያዘች። የተቀጠረችበትም ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያሉት ሁሉ ስመ ጥር የነበረው፣ በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው የካርላይል ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት በ1879 ዓ.ም. በአሮጌ የጦር ሰፈር ውስጥ ያቋቋመው ሪቻርድ ፕራት የሚባል የጦር መኮንን ነበር። ፕራት ቀደም ሲል በፍሎሪዳ በምርኮ የተያዙ የነባር ሕዝቦችን ጦረኞች ይጠብቅ ነበር፤ እምነቱም ሰውየውን ለማዳን በውስጡ ያለውን ነባርነት መግደል ያስፈልጋል የሚል ነው። ስለዚህ የተለያየ ነገድ ልጆች ሆን ተብሎ ይደባለቃሉ፤ በእናታቸው ቋንቋ መናገር ይከለከላሉ፤ እንደ ወታደር ለብሰው ይሰለፋሉ። ሲገቡ በባህል ልብሳቸው፣ ከወራት በኋላም ተከርክመው በደንብ ልብስ ፎቶግራፍ ይነሡና ሥዕሎቹ ጐን ለጐን ሆነው ገንዘብ ለሚሰጡ ሰዎች ይታያሉ። ትምህርት ቤቱ እስከተዘጋበት እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስ ከ7,000 በላይ ልጆች አልፈውበታል፤ በግቢው መቃብር የቀሩትም ከመቶ በላይ ናቸው።

አዲሲቱ አስተማሪ ሥራ እንደ ጀመረች ፕራት ጠርቶ ወደ ምዕራብ ላካት። የተላከችበትም ጉዳይ ከገዛ ሕዝቧ መካከል ልጆች መልምላ እንድታመጣ ነው። እንግዲህ የፖሙን ወሬ ይዘው የመጡትን ሚሲዮናውያን ሥራ እንድትሠራ ታዘዘች ማለት ነው።

ሄደች። የእናቷን ቤት ባየችው ጊዜ ጣራው ዝናብ ያስገባ ነበር። ወንድሟ ለሕዝቡ መብት ለመከራከር በመሞከሩ ከመንግሥት ጸሐፊነት ሥራው ተባርሯል። ማታ ከእናቷ ጋር በደጅ ተቀምጠው በወንዙ ማዶ በየኰረብታው የሚበራውን መብራት አዩ። መብራቱ አዲስ የመጡት የነጭ ሰፋሪዎች ነው። እናቷም እጇን ዘርግታ ረገመቻቸው። ልጅቱ ወደ ካርላይል ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የምታየው ሌላ ነበር። ጐብኚዎች ወደ ክፍሉ እየገቡ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የተሞላውን የልጆቹን ደብተር እያዩ ረክተው ይወጣሉ። አንዳቸውም ከዚያ ደብተር ሥር ሕይወት ይሁን ሞት ያለው ምን እንደሆነ አይጠይቁም። በ1899 ዓ.ም. ሥራዋን ለቀቀችና ቫዮሊን ለመማር ወደ ቦስተን ሄደች።

በ1898 ዓ.ም. ገርትሩድ ኬዝቢር የምትባል ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣቻቸው ሥዕሎቿ ዛሬም አሉ። በአንዱ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቫዮሊን ይዛለች፤ በሌላው ያገሯን ልብስ ለብሳ ረጅሙን ጥቁር ፀጉሯን ለቃዋለች። እነዚህን ከካርላይል ጥንድ ፎቶግራፎች ጋር አስተያይቶ መመልከት ይገባል። በእነዚያ አንዱ ሌላውን ሽሮ ይተካዋል፤ በእነዚህ ግን ሁለቱም እርሷ ናት።

በ1900 ዓ.ም. ከጃንዩዋሪ እስከ ማርች ባሉት ሦስት ወራት፣ የአሜሪካ ምሁራን በሚያነቡት በአትላንቲክ መጽሔት ላይ ሦስት ተከታታይ ጽሑፎች ወጡ። አንደኛው ስለ ልጅነቷ፣ ሁለተኛው ስለ ትምህርት ቤቱ ዘመን፣ ሦስተኛው ስለ አስተማሪነቷ ነው። ከዚህ በላይ የተረክሁት የድንኳኑ፣ የመቀሱና የማሰሮው ታሪክ ሁሉ ከዚያ የተገኘ ነው። እንግሊዝኛው የጠራ ስለ ነበር አንባቢው ሁሉ ተደነቀ። የካርላይል ትምህርት ቤት ጋዜጣ ግን የበላችበትን ወጭት ሰባሪ አድርጎ ወቀሳት። ወቀሳው የሚያስገርም አይደለም፤ ሆኖም ቋንቋውን የሰጧት ምስጋና ብቻ እንድትናገርበት ከሆነ፣ አስተማሪዎቿ ቋንቋ ምን እንደሆነ አላወቁም ማለት ነው።

ጽሑፎቹ የወጡት ገርትሩድ ሲመንስ በሚለው ስም አልነበረም። ቀደም ሲል የወንድሟ ሚስት በተቈጣች ጊዜ፣ ወገኖችሽን ትተሽ በነጭ ትምህርት የቀረሽ ስለሆንሽ የቤተሰቡን ስም መያዝ አይገባሽም ብላት ነበር። እርሷም ለራሷ ስም አወጣች፤ በላኮታ ዘዬ ዚትካላ ሻ፣ ትርጓሜውም ቀይ ወፍ ማለት ነው። እንደ ሕዝቧ ልማድ ቢሆን ስም የሚያወጡላት ሽማግሌዎች በሆኑ ነበር። ከመካከላቸው ተወስዳ የቀረች ልጅ ስለሆነች ያንን ማዕርግ በራሷ እጅ መፈጸም ነበረባት።

በ1901 ዓ.ም. ወደ ያንክተን ምድር ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ የመጣችው ልጆች ለመመልመል ሳይሆን ተረት ለመሰብሰብ ነው። ዕድሜ ከጠገቡት ሰዎች ዘንድ እየተቀመጠች፣ በልጅነቷ በእናቷ ጭን ላይ ሆና የሰማቻቸውን ተረቶች እንደ ገና አዳመጠች። ኢክቶሚ ስለሚባለው ሸረሪት የሚነገሩት ብዙ ናቸው። ኢክቶሚ በእኛ ተረት እንደ ጦጣ ብልጥና አታላይ ነው፤ ልዩነቱ በገዛ ተንኰሉ ብዙ ጊዜ ራሱ መጠለፉ ነው። ተረቶቹ በዚያው ዓመት በቦስተን በመጽሐፍ ታተሙ። ሥዕሎቹን የሣለችው ኤንጀል ዴ ኮራ፣ እርሷም ከዊኔቤጎ ሕዝብ በልጅነቷ ተወስዳ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ሴት ናት። ሁለት ከቤታቸው የተወሰዱ ልጆች ካደጉ በኋላ የአያቶቻቸውን ተረት አንዷ በቃል ሌላዋ በሥዕል መለሱት።

ይህ መጽሐፍ ከቍጣዋ ጽሑፎች ያነሰ ዝና አገኘ። እኔ ግን የሕይወቷ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። በመጽሔቱ ላይ የተናገረችው የደረሰባትን ነው፤ በተረቶቹ ግን ሊያስረሷት የሞከሩትን ነገር አልረሳችም። የዳኮታን ተረት በእንግሊዝኛ መጻፍ ተሸናፊነት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሽማግሌዎቹ በሚያልቁበት፣ ልጆቹም ቋንቋውን ሲናገሩ በሚመቱበት ዘመን ሌላ ምን ዕቃ እንደነበራት ግን አይነግሩንም።

በ1902 ዓ.ም. ሬይመንድ ቦኒን የሚባል የያንክተን ሰው አገባችና ባሏ በመንግሥት ሥራ ወደ ዩታ ክፍለ አገር ስለ ተመደበ፣ በዩት ሕዝብ መካከል አሥራ አራት ዓመት ያህል ኖረች። በሚቀጥለው ዓመት ልጃቸው ተወለደ። በዚያ ሳለች ቨርናል በምትባል ትንሽ ከተማ ከሚኖር ዊልያም ሃንሰን ከሚባል የሙዚቃ አስተማሪ ጋር ተዋወቀች። ከእርሱም ጋር ሆና አንድ ኦፔራ ደረሰች። እርሷ የምታውቀውን ዜማ ትጫወትለታለች፤ እርሱ በኖታ ይጽፈዋል። የኦፔራው ርእስ የፀሐይ ጭፈራ ይባላል።

የፀሐይ ጭፈራ ለሱ ሕዝብም ለሌሎችም የሜዳው ነገዶች ከሥርዓተ አምልኮ ሁሉ የከበረ ነው። ጨፋሪዎቹ ቀናት ሙሉ እየጾሙ ለሕዝባቸው ይጸልያሉ። የአሜሪካ መንግሥት ግን በ1883 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ይህን ሥርዓት ወንጀል አድርጎ፣ የፈጸመው ሰው ቀለቡ እንዲቀነስ ወይም እንዲታሰር አዟል። እንግዲህ በፌብሩዋሪ 1913 ዓ.ም. በቨርናል ከተማ ኦፔራው ሲታይ፣ በሜዳ ላይ የተከለከለው ነገር በመድረክ ላይ ሆኖ ትኬት ተቈርጦለት ታየ፤ የዩት ጨፋሪዎችና ዘፋኞችም ተካፍለውበታል። ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች የዘፈኑት ነጮች ናቸው፤ ሙዚቃውም በአውሮፓ ሥርዓት የተዋቀረ ስለሆነ ዛሬ የሚነቅፉት ምሁራን አልጠፉም። ነቀፋው እውነት አለው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ተቀምጠው የራሳቸውን ዜማ በአደባባይ ያለ ፍርሃት የሰሙት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ነቃፊዎቹ ሊመልሱልን አይችሉም።

ስለ እርሷ ስጽፍ አንድ የማላልፈው ነገር አለ። በዚያው ዘመን ፔዮቴ የሚባለውን ቍልቋል መሰል ተክል በመብላት የሚፈጸም አምልኮ በነባር ሕዝቦች መካከል ይስፋፋ ነበር። ዚትካላ ሻ ተክሉ ሰውን ያደነዝዛል፣ ድኻውንም ያስበዘብዛል ብላ በብርቱ ተቃወመችው፤ በ1918 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ እንዲከለከል መሰከረች። በዚህም ጉዳይ ከጐኗ የቆመው ያ ቀድሞ ያዘዛት መኮንን ፕራት ነበር። የገዛ ሕዝቧ አምልኮ በመንግሥት ደንብ ሲታፈን ያየች ሴት የሌሎችን አምልኮ መንግሥት እንዲያፍን ጠየቀች። ትምህርት ቤቱ ከውስጧ ፈጽሞ አልወጣም ብል ያጠፋሁ አይመስለኝም። የፔዮቴ አማኞች በዚያው ዓመት በኦክላሆማ ሕጋዊ ቤተ ክርስቲያን አቋቁመው እስከ ዛሬ አሉ።

በ1916 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕንዶች ማኅበር ጸሐፊ ሆና ተመረጠችና ቤተሰቡ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። ይህ ማኅበር በ1911 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ከመሪዎቹ ብዙዎቹ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ናቸው። የየነገዱን ልጆች እየቀላቀሉ በአንድ ቋንቋ ብቻ እንዲናገሩ ያስገደዱት ሰዎች ያላሰቡት ነገር ይህ ነው። ቀድሞ እርስ በርሱ የማይግባባው የሱ፣ የአፓቺና የኦናይዳ ልጅ አሁን በእንግሊዝኛ ተመካክሮ አቤቱታ መጻፍ ቻለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቷ የአቤቱታ፣ የጉዞና የስብሰባ ሕይወት ነው። ከሁለት ሰዎች ጋር ሆና ወደ ኦክላሆማ ወርዳ ምርመራ አደረገች። በዚያ ነባር ሕዝቦች በተደለደለላቸው መሬት ላይ የነዳጅ ዘይት ተገኝቶ ነበር። የወረዳው ፍርድ ቤቶች ባለመሬቶቹን ንብረታቸውን ማስተዳደር አይችሉም እያሉ ነጭ ሞግዚት ይሾሙባቸዋል፤ ሞግዚቱና ጠበቃው ገንዘቡን በአበልና በወጪ ስም ይከፋፈሉታል። ከተዘረፉትም ብዙዎቹ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ነበሩ። ሦስቱ ሰዎች በ1924 ዓ.ም. ያወጡት ጽሑፍ ብዙ ጩኸት አስነሣ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ነባር ሕዝቦች ሁሉ የአሜሪካ ዜጐች እንዲሆኑ ሕግ ወጣ፤ ሆኖም እርሷ አሥራ አራት ዓመት የኖረችበት የዩታ ክፍለ አገር በተከለለላቸው ምድር ለሚኖሩት የመምረጥ መብት የፈቀደው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ1926 ዓ.ም. እርሷና ባሏ የአሜሪካ ሕንዶች ብሔራዊ ሸንጎ የተባለ ድርጅት መሠረቱ፤ በአውቶሞቢል ከክልል ክልል እየዞሩ ሰዎችን ያደራጁ ነበር። እስከ ዕለተ ሞቷም ፕሬዚዳንቱ እርሷ ነበረች።

በ1928 ዓ.ም. ሜሪያም የተባለ ሊቅ የመራው የምርመራ ቡድን ስለ ነባር ሕዝቦች ኑሮ ያወጣው ትልቅ ሪፖርት፣ በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ለአንድ ልጅ ምግብ በቀን የሚወጣው ገንዘብ በአማካይ 11 ሳንቲም ብቻ መሆኑን፣ ሕፃናቱ በተጨናነቀ ማደሪያ እንደሚኖሩና በከባድ ሥራ እንደሚደክሙ ገለጸ። ይህ እርሷ ከ28 ዓመት በፊት በመጽሔት ላይ የጻፈችው ነገር በቍጥር ተተርጕሞ መውጣቱ ነው። የመንግሥቱ ቃል ግን ብዙ ዘገየ። የአሜሪካ አገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች 417 እንደነበሩ፣ በውስጣቸውም ቢያንስ 973 ሕፃናት መሞታቸውን አረጋግጧል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ፕሬዚዳንት ባይደን አሪዞና ሄደው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 ዓ.ም. ባወጣው የ25 ሳንቲም ገንዘብ ላይም ዚትካላ ሻ ያገሯን ልብስ ለብሳ፣ መጽሐፍ ይዛ ትታያለች፤ ከኋላዋ ፀሐይ፣ አጠገቧም ወፍ ተቀርጾ ይገኛል።

እርሷ የሞተችው በ61 ዓመት ዕድሜዋ፣ በጃንዩዋሪ 26 ቀን 1938 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ኦፔራዋ በኒው ዮርክ ታየ፤ አላየችውም። ባሏ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመኮንንነት ያገለገለ ስለ ነበር የአሜሪካ ጦረኞች በሚቀበሩበት በአርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበረች። በድንጋዩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ገርትሩድ ሲመንስ ቦኒን የሚለው ነው። ከእርሱም ሥር ያ ራሷ ያወጣችው ስም፣ ዚትካላ ሻ፣ ከሱ ሕዝብ መሆኗም ተጨምሮበት ተቀርጿል።